ቅቤ ያልጠጣው ቁርበት

ታሪኩን ዛሬ ገና ለሚጀምር ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሶዶ። ግራዝማች ተክለጻድቅ የሚባሉ ዳኛ አሉ፤ አባታቸው ከሸዋ ከጦሩ ጋር የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ የሸበቱ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ፀዳለ። ፀዳለ ልቧን የሰጠችው ለጦና ነው። ጦና ማነው ቢሉ፣ የግራዝማች ችሎት አስተርጓሚ፣ የወላይታ ልጅ፣ አማርኛው ከነፍጠኛው ልጅ አማርኛ የሚጣፍጥ፣ ሲራመድ አንገቱን ቀና የሚያደርግ። በቃ ይኸው ነው። የቀረው ጣጣ ነው።

ግራዝማች ዘጠኝ ወር ሙሉ አሻፈረኝ ብለው ቆዩ። «ልጄን ለአስተርጓሚ?» ይላሉ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ ይለምናሉ፤ እሳቸው ይቆጣሉ። በመጨረሻ ያላላቸው ጦና ከባላባት ወገን ነው መባሉ ነው። «እንግዲህ የባላባት ዘር ከሆነ ምን አደርጋለሁ» አሉና ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው እሁድ ሽማግሌ እንዲመጣ ፈቀዱ። ያን ሰሞን ፀዳለ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ከጓዳ ጓዳ ስትመላለስ ትውል ነበር።

ይህ በሆነ በሳምንቱ ሙታኑ ተገኙ።

ተበላ ከሚባለው አገር ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ሰው እምብዛም የማይደርስባት አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች። ዙሪያዋ ገደል ነው፤ ነፋሷ ቀንም ሌትም አያባራም። ቦሼ የሚባል ማር ቆራጭ በገመድ ተንጠልጥሎ ማር ሲፈልግ ከገደሉ ወገብ ላይ አንድ ዋሻ አገኘና ገባ። ዋሻው ውስጥ ሰባት ሰዎች ጉልበታቸውን አቅፈው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሰባቱም ሞተዋል። ገላቸው በቁርበት ተሰፍቷል፤ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። ፊታቸው ደግሞ ከፀጉሩ፣ ከቅንድቡ፣ ከሽፋሽፍቱ ምንም አልጎደለም፤ ትናንት ያንቀላፉ ነው የሚመስለው። ቦሼ ማሩንም ረሳው፤ በድንጋጤ ወርዶ ለጭቃሹሙ ተናገረ። ዝም ብሎ ማሩን ይዞ ቤቱ ቢገባ ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሶዶ የዝናብ አገር ነው። ያልተሰጣ በርበሬ በሳምንቱ ይሻግታል፤ ሬሳማ ሁለት ክረምት ካለፈው አጥንት እንደሚሆን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እንግዲህ ሽፋሽፍት ያለው ሬሳ የቅርብ ሬሳ ነው፤ የቅርብ ሬሳ ዋሻ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ የግድያ ነው። ዳኛውም፣ ካህኑም፣ ገበያተኛውም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ደረቅ ነፋስና ብርድ ሰውን እንደ ቋንጣ አድርቆ ስንት ዘመን እንደሚያቆይ የሚነግራቸው አልነበረም።

ወሬው ወይዘሮ አስካለች ዘንድ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለች የፀዳለ የክርስትና እናት ናቸው። ቢያድግልኝ የሚባለው አንድያ ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በኩል ለአደን እንደወጣ ቀርቷል። ከሰባቱ በቁመት እሱን የሚመስለውን አንዱን በቃሬዛ አስመጡና አፉን ገለጥ አድርገው አዩ። ከላይኛው የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። የቢያድግልኝም አንድ ጥርሱ በልጅነቱ ወልቆ ነበር። «ልጄን!» ብለው እዚያው ተዘረሩ።

ግራዝማች አፈርሳታ ጠሩ። ደም ፈሶ ገዳይ ሲጠፋ የመንደሩ ወንድ ሁሉ አንድ መስክ ላይ ይከተታል፤ ገዳዩ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይመለስም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ እነሱም ስሙን ደብቀው «ወፍ ነገረን» ብለው ይመሰክራሉ። ለሐይቁ የሚቀርበው የነቦሼ መንደር ወንዶች መቶ ያህል ሆነው ከሰኞ ጀምሮ ከግራዝማች ግቢ ውስጥ ከዝግባው ሥር ተቀመጡ። ጊዜው ጥቅምት ነው፤ በቆሏቸውን ዝንጀሮ እየበላው ነው። ወፍ ግን ምንም አላለም፤ የገደለ የለማ! እስከ ሐሙስ ገዳይ ካልተገኘ ቦሼ በሰንሰለት ታስሮ ይሄዳል፣ የመንደሩም ከብት ይነዳል ተባለ።

ረቡዕ ጠዋት ወጥ ቤቷ ሽታዬ፣ ግራዝማችን ሳይቀር ያሳደጉት አሮጊት፣ ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለፀዳለ ሰጧት። የጦና እጅ ጽሑፍ ነው።

«ለተወደድሽው ፀዳለ። እሁድ ሽማግሌ አልልክም። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ብትጠይቂኝም የምናገርበት አንደበት የለኝም። እኔ ላንቺ የምገባ ሰው አይደለሁም። ይቅር በይኝ። ጦና።»

ፀዳለ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አሉ ሽታዬ።

«ደኅና ነኝ ይላል።»

«ኧረ ልጄ፣ ደኅና ነኝ የሚል ወረቀት ፊትን እንዲህ አያገረጣም።»

ፀዳለ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠችና ወደ ክፍሏ ገባች። ለእሷ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሌላ ሴት አለችው። ዘጠኝ ወር አባቷን ስትለምን፣ ስትጾም፣ ስለት ስትሳል የኖረችው ለሌላ ሴት ነው። እንዲህ ብላ ስታስበው እንባ ሳይሆን ንዴት መጣባት፤ ንዴቱም ያንገበግባት ጀመር።

ቀን ችሎቱ ለምሳ ሲነሳ ከግቢው ጀርባ ካለው የእንሰት ተክል መካከል ጠበቀችው። ጦና መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሲመጣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣

«ማናት?» አለችው።

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ! ስሟን ንገረኝና ልረፈው።»

ጦና ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ሴት ብትሆን ምንኛ በቀለለኝ» አለ።

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ሬሳ ቢያድግልኝ አይደለም» አላት። «ሰኞ ሲያወርዱት ቁርበቱን ዳስሼዋለሁ። ከአባትሽ በፊት፣ ከአያትሽ በፊት፣ ምናልባት ይህ ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት የተፋቀ ነው። ገዳይም የለ፣ ተገዳይም የለ። የድሮ ሰዎች መቃብር ነው።»

«ታዲያ ተናገራ! ሰው እየተሰቃየ ምን ትጠብቃለህ?»

«ከየት አወቅህ ይሉኛል።»

«ከየት አወቅህ?»

ፀዳለ ስታየው ዓይኖቹ እሷ ላይ አልነበሩም፤ መዳፎቹን ነበር የሚያየው።

«የባላባት ልጅ አይደለሁም፣ ፀዳለ። አባቴ ገሱባ ነው ያለው። ቆዳ ፋቂ ነው። አያቴም ፋቂ ነበር። የእኛ ሰዎች ደገላ ይሉናል። እኔም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ከአባቴ ጋር ቆዳ ስፍቅ ነው ያደግሁት። ኋላ አንድ ቄስ ፊደል አስቆጠሩኝ፤ ሶዶ ስገባ የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ዋሸሁ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

የዛሬ ልጅ ይህን ሲያነብ «ታዲያ ምን አለበት?» ይል ይሆናል። በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ነበረበት። ፋቂው በሠራው ቁርበት ላይ ጌታውም ሎሌውም ይተኛል፤ ከፋቂው ጋር ግን ነፍጠኛውም ወላይታውም አይጋባም። በዚህ አንድ ነገር ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ይኖሩ ነበር።

ፀዳለ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ «በወፍ ተናገር» አለችው። «ለሽማግሌዎቹ ሹክ በላቸው፤ ስምህ አይነሳም።»

«ወፍ ወሬ ያመጣል እንጂ ቁርበት አይዳብስም። በእጄ ሠርቼ ካላሳየሁ ማን ያምናል? ሌላ ፋቂም አይወጣልሽም። ‹ቁርበቱን አውቀዋለሁ› ካለ ‹እንግዲያው የሰፋኸው አንተ ነህ› ይሉታል።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ደብዳቤውን ስጽፍ ቆርጬ ነበር። አሁን ፊትሽን ሳይ አቃተኝ። አንቺ ንገሪኝ። ተናገር ካልሽኝ ነገ እናገራለሁ፤ አባትሽም እስከወዲያኛው አይሰጡኝም። ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ፤ እሁድ ሽማግሌዎቼ ይመጣሉ።»

ፀዳለ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸች።

«ዘጠኝ ወር ዋሸኸኝ።»

«አዎ።»

«አባባን ብትዋሽ ይገባኛል። እኔን ግን? ሌሊት በመስኮት ውጪ ብትለኝ እንኳ እወጣልህ የነበርኩትን እኔን?»

«ፈራሁ።»

«አሁን ደግሞ የመቶ ሰው መከራ ጫንቃዬ ላይ ጣል አድርገህ ‹አንቺ ንገሪኝ› ትላለህ! ዝም ብትል በእኔ ምክንያት፣ ብትናገርም በእኔ ምክንያት እንዲሆን ነው? አንተ ወንድ ነህ?»

ጥላው ሄደች። እያለቀሰች ነበር። ፋቂነቱ አልነበረም ያስለቀሳት፤ ውሸቱ ነው። ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ስትቀመጥ ግን አንድ ሌላ ነገር አሳፈራት። «ዝም በል» ልትለው ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ እንደነበር ከራሷ ልትደብቅ አልቻለችም።

ሐሙስ ግቢው ጢም አለ። ሬሳው ነጭ ጋቢ ለብሶ ቃሬዛው ላይ ነው። ወይዘሮ አስካለች ከአጠገቡ ሳይነሱ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ ፍትሐት እንዲደረግለት ካህናቱን እየለመኑ፣ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡለት። ፀዳለና እናቷ ከሰገነቱ ላይ ቆመዋል። ጦና ከዳኛው ወንበር አጠገብ ቆሟል፤ እንቅልፍ ሳያይ እንዳደረ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» አሉ ግራዝማች። «የነበረ ካለ ይናገር፤ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

ማንም አልተነሳም። ቦሼን ወደፊት አመጡት። አጭር፣ ጠይም፣ እጁ በንብ የተነደፈ ሰው ነው። በወላይትኛ ተናገረ፤ ጦና አስተረጎመ።

«‹እኔ ማር ልቆርጥ ሄጄ ነው ያገኘኋቸው፤ ገድዬ ቢሆን ራሴ መጥቼ እናገር ነበር?› ይላል።»

«ሌላስ?»

ቦሼ ቀጠለ። ጦና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አስተረጎመ። «‹እኔን ከወሰዳችሁ ከብቶቹን ተዉልን። ልጆቼ ወተቱን እንኳ ይጠጡ› ይላል።»

ይህን ብሎ ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፀዳለ አነበበችው፤ ገና እየጠበቃት ነበር። «ዝም በል» ብላ አንዴ ራሷን ብትነቀንቅለት ይበቃው ነበር፤ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያውቅ። ትናንት የተናደደችበት ሰው ዛሬ አሳዘናት፤ ስታዝንለት ደግሞ ምን ያህል እንደምትወደው አወቀችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ እናቷ «ወዴት?» ሳይሏት ደረጃውን ወረደች።

«ሴት ልጅ አፈርሳታ መሃል!» አለ አንዱ። ሰዉ ተንጫጫ።

«ፀዳለ፣ ግቢ!» አሉ ግራዝማች።

«እገባለሁ፣ አባባ። አንድ ነገር ጠይቄ ልግባ።» ወደ ጦና ዞረች። «ጦና፣ ይህ ቁርበት የስንት ዘመን ነው? የምታውቀውን ለሰዉ ሁሉ ንገር።»

ጦና አያት። መዝገቡን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ኮቱን አወለቀ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ጌታዬ ግራዝማች፣ ቅቤና ለብ ያለ ውሃ ይምጣልኝ። ከቤትዎ ካሉት ቁርበቶች ደግሞ ከሁሉ ያረጀውን።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ አማታቸው ከሸዋ ሲመጡ የተኙበትን ቁርበት አስወጡ፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል። ጦና ቁጢጥ አለ። ከእሱ ጠርዝ ጣት የምታህል፣ ከሬሳው ቁርበትም እንዲሁ ጣት የምታህል ቆረጠ። ሁለቱንም አራሰ፤ ቅቤ ቀባ፤ በመዳፉና በመዳፉ መካከል ያሽ ጀመር። ጎተት፣ ጠምዘዝ፣ ገልበጥ፣ ደግሞ ጎተት። ያ የጸሐፊ እጅ አልነበረም። ከተሰበሰበው ሰው ብዙው ገና እሱ ሳይናገር ያን ጊዜ ገባው። እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ።

«ይህ የእርስዎ ነው» አለ፤ ቁራጩን አጠፈው። አልተሰነጠቀም። «አርባ ዓመት ኖሮም ቅቤ ይጠጣል፤ ይለሰልሳል። ይህኛውን ይዩት።» የሬሳው ቁራጭ ላይ ቅቤው እንደተቀባ ላዩ ላይ ቀርቷል። አጠፍ ሲያደርገው ቀሽ ብሎ ተሰበረ፤ ግማሹን በጣቶቹ ሲያሸው ዱቄት ሆነ። «ቅቤ መጠጣት ከተወ ስንትና ስንት ዘመኑ ነው። ቀዳዳውንም ይዩ፤ በብረት ወስፌ አልተበሳም፣ በአጥንት ነው። አያቴ በአጥንት የሚሰፋ ሰው አላየም፤ የአያቴም አባት አላየም። ቢያድግልኝ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ግራዝማች ሁለቱንም ቁራጭ ተቀብለው በየተራ አጠፉ። ዱቄቱ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«አንተ የባላባት ልጅ፣ ይህን ሥራ ከየት አወቅኸው?»

«የባላባት ልጅ አይደለሁም፣ ጌታዬ። የፋቂ ልጅ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ።»

በሁለት ቋንቋ ጉምጉምታ ተነሳ። ግራዝማች ፊታቸው ደም መሰለ፤ ግን ዳኛ ናቸውና መጀመሪያ ፍርዱን ሰጡ። «መንደሩ ነጻ ነው። ሬሳውን ወደነበረበት መልሱ።» ከዚያ ወደ ጦና ሳያዩ፣ «አንተ ከእንግዲህ ከዚህ ደጅ እንዳላይህ» አሉት።

ሰው ሁሉ እልል ሊል ሲል ወይዘሮ አስካለች ጋቢውን ገለጡ። ያንን የደረቀ ፊት ረጅም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ የእኔ ልጅ የት ነው ያለው?» አሉ።

ፀዳለ ሄዳ ልታቅፋቸው ስትል በሁለት እጃቸው ደረቷን ገፏት። «ልቀብረው ነበር! አግኝቼው ነበር! አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ!» ገፍተው ገፍተው ሲደክማቸው እዚያው ደረቷ ላይ ተደፉ። ፀዳለ እውነት መናገር ሰውን እንዲህም እንደሚያቆስል ያን ቀን አየች፤ እሷም አብራቸው አለቀሰች።

ግራዝማች ያለ ጥፋቱ ያሰሩትን ሰው አስርበው አይሸኙም፤ አንድ ወይፈን ታረደ፤ ቆጮና ዳጣ ወጣ። መቶው ሰው በክብ በክብ ተቀመጠ። ለጦና የተጠጋለት ክብ አልነበረም። ኮቱን ይዞ ከበር ሲወጣ ሽታዬ አንጀታቸው አልችል ብሎ በኮባ ቅጠል ድርሻውን አድርገው ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ አስቀመጡለት። የፋቂ ቦታ እዚያ ነው። ከፋቂ ጋር ከአንድ ቅጠል የበላ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ከወገኑ ገበታ አይቀርብም።

ቦሼ ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ በቋንቋቸው አመሰገነው፤ ከዚያ ተመልሶ ከክቡ ገባ። ቦሼን አትፍረዱበት፤ ወይም ፍረዱበት፣ እንደ ልባችሁ።

ፀዳለ ወደ ሰገነቱ ተመልሳ ነበርና ይህን ከዚያ አየች። ከሰገነቱ ወረደች፤ በክቦቹ መካከል አለፈች፤ በሩ ጋ ስትደርስ የአባቷ ድምፅ ያዛት።

«ፀዳለ! ያን በር ከወጣሽ…» አልጨረሱትም።

ዞረች። «አባባ፣ እንግዳ ብቻውን አይበላም ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት» አለች፤ ወጣች።

ጦና ሲያያት ቅጠሉን በእጁ ከለለ። «አትቀመጪ፣ ፀዳለ። በእግዜር ይዤሻለሁ። ከበላሽ መመለሻ የለሽም።»

«ርቦኛል» አለች፤ እጁን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ከቆጮው ቆርሳ ዳጣ አስነክታ ጎረሰች። ከዚያ የግራዝማች ድምፅ ተሰማ፤ «በሩን ዝጉት።» በሩ ሲዘጋ፣ መወርወሪያው ሲገባ፣ እናቷ ከውስጥ ሲጮሁ ሁሉንም ሰማች። እንባዋ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እያለቀሰች ደግማ ቆረሰች፤ በላች።

«ይቅር በይኝ» አለ ጦና።

«ዛሬ አልልህም። ዘጠኝ ወር ዋሽተኸኝ በአንድ ቀን? ዕድሜ ልክህን ነው የምትለምነኝ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ገሱባ ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«አለ።»

«በእግር ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት። ላንቺ ሰባት ይሆናል።»

«እንግዲያው ብላ» አለችውና ሥጋውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።